ሦስተኛው ወንበር

የካቲት 11፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሁለተኛው ሞተር ዛሬም ዘግይቶ ተነሣ። አባባ በእጅ ሰዓታቸው ያዙት፤ ከትናንቱ በአራት ሰከንድ ይብሳል። ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የኮምፒውተሩ ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። መዝገባቸው ላይ ግን የጻፉት "ሞተር 2 ይፈተሽ" ብለው ነው።

ከአ.አ. ድሬዳዋ። በሰላም አረፍን። እማዬ ከማድ ቤት ሆና ኤርፖርቱ መቼ ነው የሚዘጋው፣ እራቱ ቀዘቀዘ አለች።

ደብተር፣ ያለፈው ደብተር አልቆ አንተን ገና ዛሬ ስለጀመርኩህ ላስረዳህ። አባባ ሃያ ስድስት ዓመት የበረራ መሐንዲስ ነበሩ። በዚያ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ላይ ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ ሦስተኛ ወንበር ነበረ። ነዳጁን፣ ሞተሩን፣ የአየሩን ግፊት የሚቆጣጠረው እዚያ የሚቀመጠው ሰው ነው። የእኛ ሲሙሌተር፣ የኮምፒውተር በረራ ማስመሰያችን፣ ያ አውሮፕላን አለው። እኔ አምስት ኪሎ ካለው ት/ቤት ኮምፒውተር አስተምሬ እመለሳለሁ፣ ከፊት እቀመጣለሁ። አባባ በጎን፣ ሁለተኛው ስክሪን ላይ። አሥራ አምስት ዓመታችን።

አንድ ደንብ አለ። ሞተር ከተነሣ ልጃቸው አይደለሁም። "ካፒቴን" ይሉኛል፣ አንቱ ይሉኛል። ሥራ ላይ ልጅ የለኝም ነው ነገሩ። ሞተር ሲጠፋ "ዘይኑ፣ ውኃ አምጪልኝ።"

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጎንደር ልናርፍ ስንል ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። በሳምንት ሦስተኛው። ስከፍተው ዲስኩ ይንቋቋል። ለተማሪዎቼ እንደማስተምረው ከሆነ ይህ ድምፅ የመጨረሻው ነው።

አባባ መዝገባቸውን ዘጉ። የጻፉትን አየሁት። "በረራው አልተጠናቀቀም።"

አዲሱን ሲሙሌተር እጭናለሁ። ወሰንኩ። አሮጌው በአዲስ ማሽን ላይ አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ሲዲዎቹም ተጫጭረዋል። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ አዲሱን ከፈለግኩት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቪዲዮውን በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ ሳይ ነው የምውለው። ደመናው ብቻ!

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አዲሱ ማሽን ገባ። ከቸርችል በታክሲ አቅፌው መጣሁ፤ ረዳቱ ለብቻው ቦታ ይዟል ብሎ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። አሮጌውን ወለሉ ላይ አወረድኩት። ጠረጴዛው ሁለቱን አይችልም።

አዲሱን ሲሙሌተር ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመርኩ። ሲጀምር ሁለት በመቶ። ሲመሽ አራት በመቶ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንት በመቶ። ትናንት መብራት ሦስቴ ጠፋ። አባባ በየጠዋቱ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ የዘገየ አውሮፕላን እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ በር ላይ ቆመው ይጠይቃሉ። ደረሰ? አልደረሰም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉና ይሄዳሉ።

ተስፋ አድርገዋል። እኔም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

ዛሬ በረርን።

ደስታዬን እንዴት ልጻፈው። ከማኮብኮቢያው ተነሥቼ በፒያሳ ላይ ዞርኩ። ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ይታያል። አትክልት ተራ አለ። የሳተላይት ፎቶው የቆየ ነው መሰለኝ፣ የፈረሱት ቤቶች ሁሉ እንዳሉ ናቸው። የእኛን ጣሪያ አገኘሁት። ጮህኩ። እማዬ እንኳ እጇን እየጠራረገች መጥታ አየች፤ ቆርቆሮው መቀየር አለበት ብላ ተመለሰች።

አባባ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ሁለተኛው ስክሪን ጥቁር ነው። ቆይተው የእኔ ቦታ የት ነው አሉኝ።

ደብተር፣ አላሰብኩትም። እንዴት ሳላስብ ቀረሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ደመና ሳስብ። አዲሱ ውስጥ ያሉት አውሮፕላኖች ሁሉ ባለ ሁለት ወንበር ናቸው። የአባባን ሥራ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል።

ይህን አውሮፕላን አውቀዋለሁ አሉ። ያውቁታል። ባለ ሦስት ሞተሩ ከበረራ ወጥቶ ይኼኛው ሲመጣ ነው ሥራቸው የቀረው። በክብር ሸኝተዋቸዋል፤ ሰዓቱን የሸለሟቸው ያኔ ነው፣ ያው በየቀኑ ሞተር የሚይዙበት። ሌላ ሥራ ሲሰጧቸው እምቢ ብለው ቤት ገቡ። ልጅ ነበርኩ፤ ያኔ ለወራት ከማንም ጋር እንዳልተነጋገሩ አስታውሳለሁ።

ዛሬ አንዴም ካፒቴን አላሉኝም። "አንቺ፣ ከፍታሽን እዪ" ብቻ። ሳናርፍ ተነሥተው ወጡ። በአሥራ አምስት ዓመት ሳናርፍ ተነሥተው አያውቁም። ለብቻዬ አረፍኩ፤ ጥሩ ማረፍ ነበር፤ ደስታ ግን አልሰጠኝም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔ ነኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን 1። አባባ ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ ይፁሙ ያላቸው በአንድ ውል ነው፤ አዛን ካለ ደቂቃ እንዳያሳልፉ። ተምሩን እማዬ ቆጥራ ታስቀምጣለች።

ቀኑን ሙሉ ቁርኣን ሲቀሩ ዋሉ። ወደ ክፍሉ አልመጡም። እማዬ ምን አድርገሽው ነው አለችኝ። ምንም አልኳት። ዋሸሁ፣ በፆም አፌ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የሞከርኩት፦

ባለ ሦስት ሞተሩን ለአዲሱ የሠራው ሰው ካለ ብዬ ኢንተርኔቱን አሰስኩ። አንድ አለ፤ ያልተጠናቀቀ። ከውጭ ሲታይ ቆንጆ፤ ውስጡ የመሐንዲሱ ሰሌዳ የተቀባ ሥዕል ነው፣ አንድ ማብሪያ አይነካም። ለአባባ አላሳየኋቸውም።

አሮጌውን ወለሉ ላይ እንዳለ አስነሣሁት። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ፣ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ጠፋ።

በመጨረሻ ዝርዝር አተምኩ። ነዳጅ ማስላት፣ የአየር ሁኔታ ማንበብ፣ የበረራ ሰዓት መመዝገብ። ወስጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አጥፈው መለሱልኝ። የሚሠራ ሥራ እንጂ የሚሰጥ ሥራ አልፈልግም፣ ልጄ አሉኝ።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። የስምንተኛ ክፍሎችን ፈተና ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ቀደደው።

የካቲት 28፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡10

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

12 ሰዓት ላይ ወደ አሶሳ ተነሣሁ፤ ብቻዬን። አዲሱ የሚኮራበት ነገር ሰዓቱም ሰማዩም የእውነት መሆኑ ነው። ውጭ ያለችው ፀሐይ ስክሪኑም ላይ እዚያው ቦታ ናት። አሶሳ በምዕራብ ስለሆነ ፊት ለፊቴ ነች፤ ክፍሉ ሁሉ ብርቱካንማ ሆነ።

12፡20 አባባ ገቡ። በበሩ ስንጥቅ ብርሃኑን አይተው ነው። ቆመው አዩ። የዛሬ ፀሐይ ናት? አሉ። የዛሬ ናት አልኩ፣ የአሁን። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ልቤ ደስ አለው። ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሣሁም፣ እንዳይሄዱብኝ።

12፡40 ላይ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። እማዬ ተምርና ውኃ በሰሃን ይዛ ገባች። አነሣሁ። አባባ አላነሡም። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

"ገና ናት" አሉ።

ከፍ ብሎ ለሚበር ሰው ፀሐይ ከምድሩ ዘግይታ ነው የምትጠልቀው። ከታች ያለው ከተማ አፍጥሮ ሲያበቃ፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለ ፆመኛ ግን በዓይኑ እያያት አያፈጥርም። በአባባ ጊዜ ሠራተኛውም ተሳፋሪውም የሚጠብቀው የእሳቸውን ቃል ነበር። በጎን መስኮቱ አይተው ጠልቃለች ይላሉ፣ አስተናጋጆቹ ተምር ያዞራሉ። አንድ ቀን እንኳ ቀድመው ተናግረው አያውቁም። ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን የሚያወሩት ታሪክ አልነበረም።

እማዬ ሰሃኑን ወደ ፊታቸው ገፋችው።

"ኧረ ሰውዬ፣ አንተ ያለኸው አራዳ ነው። አዛኑም የአራዳ ነው።"

አባባ ሰሃኑን አላዩትም። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ስኳራቸው ሲወርድ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ፈራሁ፣ ደብተር፣ በጣም ፈራሁ። ስክሪኑን ልድፋው አልኩ። ከደፋሁት ግን ተመልሰው እዚህ ክፍል አይገቡም፤ አውቃቸዋለሁ። ሰዓቱን በማውስ ገፍቼ ማምሸትም እችላለሁ። አንድ ጠቅታ ነው። እሳቸው እያዩ ፀሐይን በማውስ ላጥልቅ? አልቻልኩም። ከሰው ፆም አንድ ደቂቃ ያልሰረቁ ሰው ናቸው።

ያኔ ነው ጅልነቴ የገባኝ። 34 ሺህ ጫማ ላይ ሆኜ ወደ ምዕራብ እየበረርኩ ነው። ፀሐይቱን እኔው ራሴ እየተከተልኳት እንዴት ትጥለቅ?

ተምሬን ሰሃኑ ላይ መለስኩ። እወርዳለሁ አልኩ። አቅጣጫም እቀይራለሁ።

አባባ ከስክሪኑ ዓይናቸውን አንሥተው አዩኝ።

"ወደ ግራ ይዙሩ። ደቡብን ይያዙ፣ በቀኝ መስኮት ትቅረኝ።"

ዞርኩ። ቀኝ መስኮቱን ሁለተኛው ስክሪን ላይ አወጣሁላቸው። ሠላሳ ሺህ። ሃያ አምስት። ከፍታውን እሳቸው ይጠራሉ፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው ግን አይሳሳትም። ፍጥነቱ በዛ ሲሉኝ ቀነስኩ። እማዬ መጨቃጨቁን ትታ ተምር በእጇ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ሃያ። አሥራ ስድስት። ተራራው ጥላ ለበሰ። ፀሐይቱ ጠፍጣፋ ሆነች፣ ግማሽ ሆነች። አሥራ ሁለት ሺህ።

"ካፒቴን፣ ጠልቃለች።"

12፡58። ከሰሃኑ አንድ ተምር አንሥተው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ እሳቸው በሉ። ሦስት። ውኃ ጠጡ። ላባቸው እስኪደርቅ ማንም አልተነሣም። አውሮፕላኑ በአውቶፓይለት ወደ ጅማ እየሄደ መሆኑ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

እማዬ፦ "ሁለት እብድ ነው የማኖረው።" ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ሰምቻታለሁ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ጠዋት ስኳራቸው ተለካ። ደህና ነው። እማዬ ግን አዋጅ አወጣች። እስከ ዒድ ድረስ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ መብረር ክልክል ነው። አዛን ሲል ያለው አውሮፕላን ሁሉ መሬት ላይ ይሁን፤ ያልሆነ እንደሆነ ፊውዙን ትነቅላለች። አባባ ተስማሙ። እንደ አለቃ ትእዛዝ መዝገባቸው ላይ ጻፉት።

እኔን ለብቻዬ ጠርተው ይቅርታ ጠየቁኝ። ቤት መሆናቸውን አልሳቱትም ነበር። አዛኑንም ሰምተዋል። እያዩዋት ግን ጠልቃለች ማለት አፋቸው እምቢ አላቸው። እጃቸውን ሳምኩ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ወንበራቸውን ከግድግዳው አንሥተው ከእኔ ወንበር በስተኋላ በቀኝ አስቀምጠውታል። የቀኟን መስኮት ሁለተኛው ስክሪን ላይ በቋሚነት እንዳደርግላቸው ጠየቁ። አደረግኩ። ነዳጁ ምን አሳየ ሲሉኝ የመለሱልኝን ዝርዝር ከጠረጴዛዬ አንሥተው ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙት አየሁ። አልሳቅኩም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡00

አሮጌውን ዛሬ ዘጋነው። ሐሳቡ የአባባ ነው፤ አውሮፕላን መሬት ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ተትቶ አይኬድም። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀመጥን። በአራተኛው ተነሣ። የትም አልበረርንም። ሦስቱንም ሞተር አስነሣን፣ ሁለተኛው እንደ ልማዱ ዘገየ። ከዚያ እሳቸው በቅደም ተከተል አጠፉ። ሦስት። ሁለት። አንድ። ነዳጅ ዝግ። ባትሪ ዝግ። በስክሪኑ ላይ መብራት አንድ በአንድ ሲጠፋ ፊቴን አዞርኩ፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ደህና ነበር።

መዝገቡ ላይ የመጨረሻው መስመር፦ "ሞተር 2 ዘግይቶ ተነሣ። ሳይጠገን ወጣ።" ፈረሙ። እኔንም አስፈረሙኝ።

ነገ ጠዋት ቆራሌው ሲጮህ እጠራዋለሁ። ወሰንኩ። ማሽኑን ይውሰድ። የአባባ ወንበር ላይ ግን እጁ እንዳያርፍ።

ዛሬ ድሬዳዋ። በምሥራቅ ነው፣ ሕጋዊ ነው። ከአዛን በፊት እናርፋለን። የአዲሱን ሞተሮች አስነሥቼ ነው ወደ አንተ የመጣሁት፤ ደቂቃ ብቻ ብዬ፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ተነሡ፣ አባባ ሰዓታቸውን ይዘው ጥፋት ቢፈልጉ አጡ። አሁን ከክፍሉ እየጠሩኝ ነው። ዘይኑ ብለው ግን አይደ—