እናትሽ በጋቢናው በር የሰማችው

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሪፋ አደም
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ። ያለሽበት ቤት ሰላም ይሁን፤ አሠሪዎችሽንም አላህ ያራራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሾው ሊታጨድ ሲል ዝናብ አግኝቶት አስደንግጦን ነበር፣ ነገር ግን ብዙም አልጎዳው። ሙቀቱም ለቀቅ አድርጎናል፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስፈልጋል። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሲሃም ናት። እሷም ለሥራ ወደዚያው እየመጣች ነውና እንደ እህትሽ ተቀበያት።

ዛሬ የምጽፍልሽ በእናትሽ ላይ ያየሁትን ነገር ነው። ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። 

ከቴፑ ልጀምር። ከሚኒባሳችን ጋር አብሮ የመጣውን ቴፕ ታስታውሺዋለሽ። ዜና ሲያነብ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስል ነበር። የበሮቹ ስፒከሮች ወረቀታቸው ተቀዶ፣ ድቤ ያለበት መንዙማ ስከፍት ጆንያ የሚራገፍ ነበር የሚመስለው። ዘንድሮ ደግሞ ተሳፋሪ መኪና የሚመርጠው በቴፕ ሆኗል። መናኸሪያ ቆሜ ካራቆሬ፣ ካራቆሬ እያልኩ ጉሮሮዬ ሲደርቅ ሰዉ እኔን አልፎ መስታወቱ በዘፈን ወደሚርገበገብ መኪና ይገባል።

ከማሾው ሽያጭ ጥቂት ተርፎኝ ነበርና ሚኪያስ ዘንድ ሄድኩ። ሚኪያስ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ያለኝን ገንዘብ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። አዲስ ቴፕ ከገዛሁ ለስፒከር እንደማይተርፈኝ፣ ጥሩ ስፒከርም ጉልበት የሚሰጠው ካላገኘ እንደማይረባ አስረዳኝ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፤ ቴፑ ፍላሽና ስልክ የሚቀበል ያገለገለ ይሁን፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ቤዝና ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ከተገለበጠ መኪና የወጡ ይሁኑ፣ የበሮቹ ስፒከሮች ብቻ አዲስ ይሁኑ።

መንገድ ተዘግቶ ሥራ በፈታንበት ሰሞን ሠራነው። ቆርቆሮው እንዳይንቀጫቀጭ የበሮቹን ሆድ ከፍተን፣ የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ እየቆረጥን በማስቲሽ ለጠፍንበት። ለቤዙ ደግሞ አናጺው ንጉሤ ከቁም ሣጥን በተረፈው እንጨት ሣጥን ሠራለት። የመኪናው ኋላ ለሰውና ለዕቃ ስለሚያስፈልገኝ ሣጥኑን ከጋቢናው ወንበር ጀርባ አጣብቀን አስገባነው።

ሹፌሮቹ አላገጡብኝ። ከበደ፣ ያ ነገረኛ፣ «ሚስትህ ለማትሰማው ለማን ብለህ ነው የምታስጮኸው?» አለኝ። ለቀልድ ያላት ናት። እኔ ግን ቤት ገብቼ እናትሽ እራት ስታቀርብልኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ማጅራት ገትር ጆሮዋን ከወሰደባት ወዲህ እንዴት እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። ሰርግ ላይ፣ መውሊድ ላይ ድቤ ስትይዝ የቀወት ሴት ሁሉ በእጇ ይሄድ የነበረች ሰው፣ ድቤዋን ለሲሃም እናት ሰጠች። መናገርም ተወች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ትጮኻለች፣ ሰው ይደነግጥባታል፣ እሷም መደንገጡን ታያለች። አንቺ ከሄድሽ በኋላማ ጭራሽ ዝም አለች። በእጅ ምልክትና ስልክ ላይ በመጻፍ ነበር የምንግባባው። ከቤታችን የሚሰማው የዶሮዎቹ ጩኸትና የኔ ሳል ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መንገዱ ተከፈተና ካራቆሬ ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ ጋቢና ከጎኔ ተቀመጠች። መኪናው ሞልቶ ነበር። ከኋላችን ዶሮዎቻቸውን ታቅፈው እትዬ ሸዋዬ ነበሩ፣ ከቀወት እየመጡ ገበያ የሚወርዱት። ጀውሃን እንዳለፍን አንድ መንዙማ ከፈትኩ። ድቤው እንደገባ እናትሽ እጇን ከጭኗ አንሥታ በሩ ላይ አደረገች። የተከፈተ መስሏት ነው ብዬ በሩን በዓይኔ ቃኘሁ፤ ተዘግቷል።

«አደም» አለች።

ልጄ፣ ስሜ ከአፏ ሲወጣ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«በሩ ውስጥ ሰው አለ።»

አመማት ብዬ ፈራሁ። እንዲቀልላት ብዬ ድምፁን ቀነስኩት።

«ሄደ» አለች። ፊቷ ጨለመ።

መልሼ ከፍ አደረግኩት። «መጣ።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ድቤው በበሩ በኩል መዳፏን እየመታው ነው። እንዳልሳሳት ብዬ ሞተሩን በጣቴ አሳየኋት፣ እሱ ይሆናል ለማለት። ራሷን ነቀነቀች። «ሞተር ድቤ አይመታም» አለችኝ።

ከመንገድ ወጥቼ ከአንድ የሮቃ ዛፍ ጥላ ሥር ቆምኩ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። እናትሽ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጥላ፣ ቀኝ መዳፏን በሩ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፈነች። ግራ እጇ ጭኗ ላይ መምታት ጀመረ። ያ እጅ ምንም አልረሳም። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዜማው ከመኪናው ጋር አልገጠመም፤ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወድቃል። ምቱን ግን የፀጉር ያህል አልሳተችውም። በነቢዩ ላይ ሰለዋት ስታወርድ የክንዴ ፀጉር ሁሉ ቆመ። ስንት ሰው የተጫነበት መኪና ውስጥ ዶሮዎቹ እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ለገበያ የቸኮለ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እንሂድ ያለኝ ግን አልነበረም። እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አቤት ሥራህ፣ አቤት ሥራህ» ሲሉ ብቻ እሰማለሁ።

መንዙማው ሲያልቅ እናትሽ ዓይኗን ገልጣ ወደ ኋላ ዞረችና ተሳፋሪውን አየች።

«እነሱ ይሰማሉ?» አለችኝ፣ በዚያ ትልቅ ድምፅዋ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ታዲያ ለምን አያጨበጭቡም?»

እትዬ ሸዋዬ ዶሮዎቹን ለጎረቤታቸው አስይዘው ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌላውም ተከተለ። ሌላ መንዙማ ከፈትኩና እስከ ካራቆሬ በጭብጨባ ገባን። ሲወርዱ እትዬ ሸዋዬ የእናትሽን እጅ ይዘው ሳሙት፣ መዳፉን።

ከዚያ ወዲህ የአስር ሶላት ሰግጄ ስመለስ፣ እናትሽ መኪናው ውስጥ ናት። ድቤዋንም ሄዳ አስመለሰች። ለሲሃም ሽኝት ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር፣ እናትሽ መሐል ገብታ መታች፣ እነሱም እንደ ድሮው በእጇ ሄዱ። ሁለት ጊዜ ቀድማቸው ነበር፤ እየሳቁ ጠበቋት፣ እሷም አብራ ሳቀች። አሁን ትናገራለች። ጨው ስንገዛ፣ ስንጣላ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ሱብሐነላህ እላለሁ ቀኑን ሙሉ። እኔ ተሳፋሪ ላበዛ ብዬ የሰበሰብኩት ቅራቅንቦ ዕቃ ነው፣ ሌላ ሰው የጣለው ነው። አላህ ግን የእናትሽን መንገድ በእሱ ውስጥ አደረገው።

አሁን በስልክ ልጽፍልሽ ያልፈለግኩትን ልንገርሽ። ስልኬን እናትሽ ታነበዋለችና ነው ወረቀቱን ለሲሃም የሰጠሁት።

ዓርብ የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሚኪያስ ከቴፑ ጋር አገናኘልኝ። እናትሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሆና ተቀመጠች። መዳፏን በሩ ላይ አደረገች። ከፈትኩት። አንቺ ቀስ ብለሽ ነው የምትናገሪው፣ ድምፅሽም ቀጭን ነው፤ በሩ አልተንቀሳቀሰም። እኔም በጎኔ ያለው በር ላይ እጄን አስጠግቼ ሞከርኩት፣ ምንም የለም። እሷ ግን መዳፏን አላነሣችም። መልእክቱ ማለቁን ከፊቴ ዓይታ ስታውቅ ፈገግ አለችና «ሰማኋት» አለችኝ። «ደህና ነኝ አለች።»

አዎ አልኳት። ሰምታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄን ግን አታውቅም። አንቺም ስትጠይቂያት ሰማሁሽ ካለችሽ እመኛት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እሷ ያልሰማችውን እኔ ሰምቼዋለሁ። ከስልክ ላይ ስትናገሪ የማይታወቅ ነገር በእነዚያ ስፒከሮች ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ደህና ነኝ ከማለትሽ በፊት የሳብሽው ትንፋሽ አለ። አፍንጫሽን የጠረግሽበትም አለ። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠይቅሽም። መኪናው አሁን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ሊቀበልሽ ጤነኛ መሆኑን ብቻ ልንገርሽ፤ ሚኪያስ ባትሪውንም አይቶልኛል።

የምለምንሽ ይህን ነው። ከእንግዲህ ድምፅ ስትልኪ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና እየተናገርሽ ጠረጴዛውን በእጅሽ ምቺው። ቀስ ብለሽ፣ ከሆድ የሚወጣ ምት ይሁን። ሰው የሚቆጣሽ ከሆነ የድስት ቂጥም ይሆናል። የምታውቂውን ምት ምቺላት፣ አዝላሽ ጀርባዋ ላይ የለመድሽውን። ደህና ባልሆንሽበት ቀንም ምቺ። እናትሽ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ትጠብቅሻለች።

አላህ ጉልበትሽን አያሳንስ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ፣ በክፉ ከሚያይሽ ዓይን ይሰውርሽ። በሄድሽበት ሁሉ የእናትሽ ሰለዋት ይቅደምሽ። አሚን።

አባትሽ፣
አደም