ሽፈራው የማይገባበት ቤት

«የሰይፈሥላሴ ልብ እኮ ብረት ነው፤ ከእንግዲህ አይሞትም» አለች ስለ እኔ አንዲት ሴት ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። የማይሞት ሰው ደብዳቤ ለመጻፍ ምን ያስቸኩለዋል? የዘገየሁት ለዚህ ነውና ይቅር በይኝ፣ እትዬ ሰብለ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ነው የምትውይው? ደርባን ሙቀቱ እንዴት ነው? እኔና እማዬ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነን። «ደኅና» ስል ከዚህ በታች ካለው ዝርዝር ጋር ነው።

ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ደረቴን ከፍተው የተበላሸውን የልቤን ቫልቭ በብረት ቀየሩት። ድሮ ከሲቀላ ዳገቱን ይዤ ሴቻ ስወጣ አምስት ጊዜ ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር፤ አሁን አንዴም አልቀመጥም። ብረቱ ጸጥታ ሲሆን ቀጭ ቀጭ ይላል። ተማሪዎቼ በፈተና ጊዜ የሰዓት ድምፅ እየመሰላቸው ቶሎ ቶሎ ይጽፋሉ። ለጂኦግራፊ ትምህርት ከዚህ የበለጠ አስተዋጽኦ አድርጌ አላውቅም።

ጣጣው የመጣው ከፍቅር ነው። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልኬን ዋርፋሪን የሚባል ክኒን መዋጥ አለብኝ። የሰፈራችን ሰው ግን ደረቱ ለተከፈተ ሰው ምን እንደሚያበላ ታውቂያለሽ፤ የሽፈራው ቅጠል ነው! ጎረቤታችን ጋሽ ክብሩ ጸልዮልኝ ሲያበቃ በፌስታል ሰጠኝ፤ ጫኖ ያሉት ዘመዶቻችን በማዳበሪያ ላኩ። እማዬ ጠዋት ከዱቄት ድብልብሉ ጋር በኩርኩፋ፣ ማታ በሾርባ አበላችኝ። ሁለት ወር እንደ ፍየል ኖርኩ።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ የአባያን ሐይቅ ስሥል ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ብል የቀኝ ጣቶቼ እንቢ አሉ፤ አፌም ጠመመ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ለቀቀኝ። ሐኪሜ ዶክተር ሊሻን የረጋ ደም ጭንቅላቴ ደርሶ እንዳለፈ፣ ሁለተኛው ግን ላያልፍ እንደሚችል ነገረችኝ። ምን እንደምበላ ስትጠይቀኝ በኩራት ዘረዘርኩላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መምህር፣ መድኃኒቱን በሽፈራው ሲያጠፉት ነዋ የከረሙት!»

እማዬ «ቅጠል ሰው ሲገድል በማን አገር ታየ?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔም በራችን ላይ «ሽፈራው ማስገባት ክልክል ነው። ሙዝ ይቻላል» ብዬ ለጠፍኩ። ሰፈሩ ተቀየመ። ከዚያ ታረቀንና ጎመን አመጣ። ጎመንም ያው ስለሆነ ማስታወቂያውን አስረዘምኩት። ጋሽ ክብሩ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበና «አሥርቱ ትእዛዛት እንኳ እንዲህ አይረዝሙም» አለኝ።

እኔ ግን ቆርጫለሁ። ዶክተሯ ክኒኑን ከቅጠሉ ጋር አመጣጥና በፈቀደችው መሠረት በቀን አንድ ሲኒ ቅጠል፣ አይጨመርም አይቀነስም። የምትለካው ራሷ እማዬ ናት፤ ቅጠል ይዞ የመጣውንም ከበር የምትመልሰው እሷ ናት። ክኒኔን አንድ ቀን አላዛነፍኩም። ባለፈው ሳምንት የደሜ አረጋግ ሲለካ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሰኔ ላይ ተማሪዎቼን ሳላስፈትን እንደማልሞት ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።

ለባለቤትሽ ለታምሩ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሿን ፌቨንን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እማዬ «ስትደውል አትጩህብኝ፣ ጆሮዬ ደኅና ነው» ብላሻለች።

ወንድምሽ ሰይፈሥላሴ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ዋርፋሪን ከከተማው መድኃኒት ቤቶች ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እጄ ላይ የቀረው የአምስት ቀን፣ አምስት ፍሬ ነው።