የማሞቂያው ብሎኖች

ይድረስ ለልጄ ለአሪፋ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። የጂዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ሐይቅ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ መብራትም ተመልሷል።

የላክሽልን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እሳቱ እየበራ ሙቀት አልሰጥ ብሎ ወንድምሽ ማህዲ ፈቶት ነበር። «ፋኑን አቧራ ይዞታል፤ ጠርጌ እገጥመዋለሁ» ብሎ ብሎኖቹን ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠ። ያን ቀን ጦርነቱ ውጫሌ ደረሰ ሲባል «መጣሁ» ብሎኝ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ስልኩ ቻርጅ አልቆበት ይሆናል፤ አንቺም ደጋግመሽ አትደውዪለት።

ኤሌክትሪሻኑ ጁማ «እትዬ፣ እኔ ልግጠምልዎት» ቢለኝ ተቆጣሁት። የፈታው ልጅ ይገጥመው የለ እንዴ! እኔ አቧራውን ብቻ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ከሶኬቱ ነቅዬዋለሁ፣ አትስጊ።

ጎረቤቶቻችን ግን ምን እንደነካቸው እንጃ። ጠዋት ማታ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። «ምነው?» ስላቸው «ማሞቂያውን ልንሞቅ ነው» ይሉኛል። ወላሂ አይሠራም ብላቸውም አይነሱም፤ ዙሪያውን ቁጭ ብለው ዱዓ ያደርጋሉ። ሰው በዝቶ የሻይ ብርጭቆ አጠረኝ። የብሎኖቹን ግን አልሰጠሁም።

በይ፣ አላህ ሁለታችሁንም ለደጄ ያብቃልኝ።

እናትሽ ሀውራ