ለምርቃት የተቆላው የዘር ማሽላ

ለተከበሩት የኮሌጃችን ዲን ለዶክተር ደምመላሽ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ የስብሰባው ብዛት ወገብዎን አይጉዳው፣ የደሴ ብርድም ከቢሮዎ ደጃፍ ይመለስ። እኔ የኮሌጅዎ የመጨረሻ ዓመት የዘረመል ተማሪ ረውዳ ሳዲቅ ነኝ። በስም ባያውቁኝ በፎቶ ሳያውቁኝ አይቀሩም፤ ኮሌጁ ባለፈው ሳምንት በፌስቡክ ገጹ «ተማሪዎቻችን በዘረመል ቤተ ሙከራ የተግባር ልምድ እያገኙ ነው» ብሎ ባወጣው ዜና ላይ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ከዳር የቆመችው እኔ ነኝ። ስላገኘሁት ልምድ ቢሮዎ መጥቼ ላመሰግንዎ ብሞክርም ስላልተሳካልኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማሽኑ አመሰግናለሁ። ያ ዘረመል የሚያባዛው ማሽን ከመጣ ወዲህ ላስቲኩ ሳይገፈፍ በክብር ተቀምጧል። እኛም በመስኮት እያየነው፣ መምህራችን በሰሌዳ ላይ ሲስሉት እየገለበጥን፣ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ሸምድደናል። ጓደኛችን ከሊድ እንዲያውም ከመምህሩ አሳምሮ ይስለዋል፤ በዘረመል ሥራ ባያገኝ በሥዕል እንጀራውን አያጣም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጋዋኑ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመጋዘን ወጥቶ፣ እንግዳው ሲሄድ ታጥቦ ይመለሳል። በንጽሕናው ላይ ቅሬታ የለኝም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ይታገሱኝ። ለመመረቂያ ጥናታችሁ ናሙና ከየቀያችሁ አምጡ ስንባል፣ እኔ ሐርቡ አጠገብ ወደምታርሰው አክስቴ ወደ ነጂባ ሄድኩ። እሷ ዘንድ ከአያቶቿ የወረደ ቀይ ማሽላ አለ፤ ዝናብ ሲያጥር የጎረቤት ማሽላ በቁሙ ሲደርቅ የእሷ ያፈራል። የአካባቢው ሰው ፊቱን ወደ ማሾ ካዞረ ወዲህ ያን ዘር የያዘ ሌላ ሰው አናውቅም። አምና ነቀዝ ገብቶ አብዛኛውን ስለፈጀባት፣ የተረፈውን ጢስ እንዲመታው ከምድጃው በላይ አንጠልጥላው ነበር። እኔም የኮሌጃችንን ማቀዝቀዣ ነቀዝ እንደማይደፍረው፣ ጥቂቱን ለምርመራ ወስጄ ቀሪውን ለመዝሪያ እንደምመልስላት ነገርኳት። የመንግሥት ቤት ይጠብቅልኛል ብላ አንድም ዛላ ሳታስቀር አውርዳ ሰጠችኝ።

ቤተ ሙከራው በተመረቀ ዕለት ማቀዝቀዣው ለእንግዶች ለስላሳ ተፈለገ። በደሴ ብርድ ለስላሳ ማቀዝቀዝ ለምን እንዳስፈለገ ባይገባኝም፣ ጠርሙሱን በመሐረብ ይዘው ሲንዘፈዘፉ ያየኋቸው እንግዶች ኮሌጃችንን ሳይረሱት እንደሚኖሩ አምናለሁ። በማቀዝቀዣው ያስቀመጥኩት የአክስቴ ዘር በሙሉ ከነከረጢቱ ወጥቶ ወደ ክበቡ ተላከ። በእኛ አገር ደግሞ ሼኹም ቄሱም ሊመርቁ ተቀምጠው ባዶ ሳህን አይቀርብምና፣ የክበቡ ወይዘሮ ስመኝ ለቁርስ የተላከ እህል መስሏቸው አጠቡት፣ ቆሉት፣ ለውዝ ቀላቀሉበት። እሳቸውን አልወቅስም። የሆነውን ሲሰሙ ከእኔ በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፤ ከቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣ የወጣ እህል አይበላም ብሎ የነገራቸውም የለም።

ሳህኑን ይዘን እንድናዞር የታዘዝነው ጋዋን የለበስነው ተማሪዎች ነበርን። በዘረመል ቤተ ሙከራ ያገኘሁት የተግባር ልምድ ይኸው ነው፤ በዜናው ፎቶ ላይ እጆቼ ተቆርጠው የቀሩትም ሳህኑ እንዳይታይ ነው። እንግዶቹ ሲዘግኑ ለውዙ ሳስቶ፣ እርስዎ ፊት ስደርስ ማሽላውን አየሁት። በእጄ የፈለፈልኩት ነውና አልጠፋኝም። እርስዎ ዘገኑ፣ ደገሙ፣ ጣዕሙንም አደነቁ። የሆነውን ብነግርዎ፣ ማሽላ ያው ማሽላ ነው፣ ከገበያ ይገዛልሻል ብለው አጽናኑኝ። ክቡር ሆይ፣ አንዱ ማሽላ ከሌላው በምን እንደሚለይ ለዓመታት ስማር ኖሬ፣ እርስዎ የዘረመል ቤተ ሙከራ በመረቁበት ዕለት በአንድ ቃል ገላገሉኝ።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ያልቅብኛል። ተቆጥቻለሁ፤ ከቁጣዬ በላይ ደግሞ ፈርቻለሁ። የተቆላ ዘር አይበቅልም። ሚያዝያ ገብቷል፣ ሐርቡ ላይ ዝናቡ ጀምሯል፣ አክስቴ መሬቷን አለስልሳ እኔን ትጠብቃለች። ስትደውል አላነሳም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው አባቴ፣ እህቱ «ረውዳ ምን ሆና ነው» ብላ ብትጠይቀው፣ ፈተና ላይ ናት ብሎ ዋሽቶልኛል። እሱም እውነቱን ሊነግራት አልደፈረም።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። ያ ዘር በአንድ ገበሬ ጎተራ ተርፎ እንደሆነ፣ ጋዋኑን ትተን በየመንደሩ እንድንፈልግ እኛን ተማሪዎቹን ይላኩን። ካልተገኘም ለአክስቴ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። እኔ አልችልም።

ማሽንዎን አቧራ ሳይነካው፣ ማቀዝቀዣዎም ለስላሳ ሳያጣ ለብዙ ምርቃት ያብቃዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የተግባር ልምድ ያካበተችው ተማሪዎ
ረውዳ ሳዲቅ

ማሳሰቢያ፦ አክስቴ ነጂባ ሐሙስ ከሐርቡ ሚኒባስ ይዛ ትመጣለች። ዘሯን ስትረከብ፣ የጠበቀላትን ሰው ፊት ለፊት አመስግና እንደምትመለስ ለአባቴ ነግራዋለች። እስከዚያው በየሶላቷ፣ አላህ ልጆቹን ያሳድግለት እያለች ዱዓ ታደርግልዎታለች። አሚን ማለቱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።