የጋሼ አስማማው ቀይ ቀበሮ

ዌስት ፉትስክሬይ፣ ሜልበርን
መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

አዲስ አበባ እንዴት ይዛሃለች? እኔና እማዬ ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ጋሼ አስማማው ናቸው፤ እሱም በእኔ ነው።

በየካቲት «የኢትዮጵያ ብርቅዬ እንስሳት» የሚል ትልቅ ፖስተር አሠርተው አዳራሹ ውስጥ ሰቀሉ። ዋልያው አለ፣ ጭላዳው አለ። «ቀይ ቀበሮ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ ግን ድመት የምታክል፣ ጅራቷ ቀለበት ቀለበት የሆነ ፍጥረት ቁጭ ብላ ቀርከሃ ታኝካለች! ትዝ አለችህ? ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እንስሳት ልታሳየኝ ዙ ወስደኸኝ፣ «ይቺ ቀይ ፓንዳ ናት። ብዙ ሰው አያውቃትም፤ አንቺ እወቂያት» ያልከኝ?

እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ቀይ ፓንዳ ናት።»

«ፓንዳ ጥቁርና ነጭ ነው! ማነው ያስተማረሽ?»

«አባቴ።»

«እህ! እሱ ደግሞ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዬ ግን «ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው» ብላ ጉልበታቸውን አሳመችኝ። ትክክል መልሼ ጉልበት ሳምኩ፣ አባዬ! ሱሪያቸው ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። የዚያን ዕለት ልበቀላቸው ማልኩ።

በሳምንቱ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩና፣ «ጋሼ፣ ቀይ ቀበሯችን እዚህ ዙ ውስጥ አለ አሉ። ወስደው ቢያስረዱንስ?» አልኳቸው። ደስታቸው! ከትናንት ወዲያ ሠላሳ ሰው አስከትለው፣ ክራባት አስረው መጡ። እንስሳዋን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «አይዞህ ወገኔ! አንተንም አሰደዱህ?» አሉ።

ይኼኔ ተንከባካቢዋን ጠርቼ ጠየቅኋት። መልሷን ጮክ ብዬ፣ በአንቱታ፣ አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩላቸው። «ጋሼ፣ ቀይ ፓንዳ ናት ይላሉ። አገሯ ሂማሊያ ነው። እንዲያውም ፓንዳ የሚለው ስም መጀመሪያ የእሷ ነበር፤ ትልቁ ነው ኋላ የወሰደው።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «በስደት ብዛት መልኩ ተቀይሮ ነው» አሉ።

እማዬ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ዘርጋ አደረግሁላቸው። የእማዬ ቁንጥጫ እስከ ዛሬ ይለበልበኛል፤ ግን ያዋጣል።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እሺ፣ በእንስሳዋ አባትሽ ልክ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለፋሲካ እመጣለሁ የሚለውስ? ሦስት ፋሲካ አለፈ እኮ።»

በመስኮቱ የጣቢያዎቹን ስም ማንበብ ጀመርኩ። ፉትስክሬይ ልንደርስ ስንል፣ «ዘንድሮ ይመጣል። ካልመጣ እንደገና ጉልበትዎን እስማለሁ» አልኳቸው።

ፖስተሩን ትናንት አወረዱት። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ የድርሻዬን ተበቅያለሁ፤ የቀረው ባንተ እጅ ነው።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፤ መንገዱንም ያቅናልህ።

በአንተ ተማምና የተወራረደች ልጅህ፣
ኑሀሚን

አባዬ፣ ያ የጋሼ ሱሪ ዛሬም አልታጠበም።