ስለ ቱቦ ማድረቂያው ማማ የሰጠሁትን ቃል ስለማንሳት

ለከተማው የሕንፃ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 9

ጉዳዩ፦ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በጽሑፍ የሰጠሁት ቃል ከመዝገብ እንዲወጣና የማማው መፍረስ እንዲታገድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በቀይ ጡብ በተሠራው አሮጌው የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ የቱቦ ክፍል ኃላፊ ሆኜ አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ሰኞ በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆሜ አነበብኩ። ከእሳት የተመለሰ እርጥብ ቱቦ ተሰቅሎ የሚደርቅበት ማማ እንዲፈርስ የተወሰነው «መዘውሩ ተጣብቆ ቱቦ በጊዜ ባለመውረዱ የሰው ሕይወት አልፏል» በሚል ምክንያት መሆኑን ተረዳሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።

1. ስለ ሕንፃው። ክቡርነትዎ ፕላኑን ሳያዩት አይቀሩም፤ ፕላን ግን ሁሉን አይናገርም። ጡቡ አንዱ በርዝመቱ፣ አንዱ በጎኑ እየተፈራረቀ የተገነባ ነው። በአራቱም በኩል ንፋስ እንዲያልፍባቸው መስታወት ያልገባላቸው ጠባብ መስኮቶች አሉ። ሃያ ሜትሩ ቱቦ መሐሉን ተይዞ በገመድና በመዘውር ከላይ ሲሰቀል ሁለቱ ጫፎች ወለሉን ለመንካት አንድ ስንዝር ብቻ ይቀራቸዋል። ግንበኛው ማማውን የለካው በቱቦው ነው። ይህን ያስተዋለው እኔ ሳልሆን ታናሽ ወንድሜ ነበር።

2. ወንድሜ በዚያው ጣቢያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። የማማውን ስልሳ አራት ደረጃ በቀን አሥር ጊዜ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ጓደኞቹ «ሊፍት» ይሉት ነበር፤ እሱ ደግሞ ሊፍት ይበላሻል፣ እኔ መቼ ተበላሸሁ እያለ ይሟገታቸዋል። ይህ ለአቤቱታዬ እንደማያስፈልግ አውቃለሁ፤ ልሰርዘው ግን አልቻልኩም።

3. አደጋው በደረሰበት ቀን ሦስት ቱቦዎች ደርቀው እንደተሰቀሉ ነበር። ወንድሜ መጥቶ «ጋሼ፣ ደርቀዋል እኮ፣ ላውርዳቸው?» አለኝ። ካርታ እየተጫወትኩ ነበር፤ ጥሩ ካርታም ደርሶኝ ነበር። «ተወው፣ ምን አስቸኮለህ፣ ከምሳ በኋላ» አልኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ ጮኸ፤ መኪናው ሦስት ቱቦ ጎድሎት ወጣ። የሚቃጠለው የአናጺው ቤት መኪና በማያስገባ ቅያስ መጨረሻ ላይ ነበር። ወንድሜ ውሃው ከኋላዬ ይደርሳል ብሎ ገባ። የአናጺውን ሚስት አወጣ፤ እናቷን ሊያወጣ ተመለሰ። ቱቦው ደጃፉ ላይ እንኳ ሳይደርስ ጣሪያው ወረደበት።

4. ስለ አደጋው ስጠየቅ ፈራሁ። መዘውሩ ተጣብቆ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ጡብ ተነሥቶ አይከራከረኝ። ያን መዘውር ወንድሜ ራሱ በየሳምንቱ ግራሶ ይቀባው ነበር፤ አንድም ቀን ተጣብቆ አያውቅም።

5. እናታችን ቃሌን አመነች። እስክትሞት ድረስ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ መንገድ ስናልፍ ማማውን ላለማየት ፊቷን ወደ ማዶ ታዞርና እንዳትደናቀፍ ክንዴን ትይዛለች። የምትይዘው የእኔን ክንድ ነበር። እውነቱን ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ስለዚህ ያ ጽሑፌ ከመዝገብ እንዲወጣ፣ መዘውሩ በባለሙያ እስኪታይ ድረስም ማፍረሱ እንዲቆም በትሕትና አመለክታለሁ። በሐሰት ቃሌ የሚመጣብኝን ሁሉ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ጽሕፈት ቤቱ ማማው በሌላ ምክንያት መፍረስ አለበት ካለ፣ የእኔ አቅም እዚህ ላይ ያበቃል፤ ነገር ግን ወንድሜን ገደለ ተብሎ አይፍረስ።

ባለፈው ረቡዕ ዘበኛው ስለሚያውቀኝ አስገባኝ። ስልሳ አራቱን ደረጃ ለመውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። አንድ አሮጌ ቱቦ ዛሬም ተሰቅሏል። ገመዱን ፈትቼ በአንድ እጄ ለቀቅ አደረግኩት፤ ቱቦው ያለ አንዳች ድምፅ ወረደ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዘገየ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የቀድሞው የቱቦ ክፍል ኃላፊ
የሟቹ ታላቅ ወንድም