አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ፓስፖርቴ ነው

ለተከበሩ የኤግዚቢት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደህንነትን፣ ለዚያ ዘወትር ለሚዘጋው መስኮትዎም ሰላማዊ ዕረፍትን እመኛለሁ። እኔ በሰው አገር አዛውንት እያስታመምኩ የምኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ በራሴ ጥረት ማንበብ የለመድኩ በመሆኔ፣ አጻጻፌ ቢያደናቅፍዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ቀድሞ የማስታምማቸው ጡረተኛ መምህር እጃቸው መጽሐፍ መያዝ ሲያቅተው እኔ አነብላቸው ነበር፤ ያለቀውንም ለራሴ እንድወስደው ይሰጡኝ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ልጃቸው መጻሕፍቱን አልጋዬ ሥር አገኘና በስርቆት ከሰሰኝ። በክሱ ላይ የሚፈርደው ዳኛ ነው፤ እኔ እርስዎን የማመሰግንበት ጉዳይ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሠራተኞችዎ ጥንቃቄ። እጄ ከሳሙናና ከቅባት ስለማይለይ፣ እንዳይቆሽሽብኝ የምሳሳለትን ሁሉ በጋዜጣ መለበድ ልማዴ ነው፤ ፓስፖርቴንም ለብጄ ከመጻሕፍቱ ጋር አስቀምጬው ነበር። ሠራተኞችዎ ለክሱ ማስረጃ ሲረከቧቸው አንዱንም ሳይገልጡ ቆጥረው፣ በጋዜጣ የተሸፈኑ አሥራ ሁለት የከሳሽ መጻሕፍት ብለው መዘገቡ። የገዛ ፎቶግራፏን ከሰው ቤት የሰረቀች ሴት ስላደረጋችሁኝ ክብር ይሰማኛል።

ሁለተኛ፣ ዳኛው የእናቴን መታመም ሰምተው፣ አይቻት እንድመለስ ፈቅደው ፓስፖርቴ እንዲሰጠኝ አዘዙ። ትእዛዙን ይዤ ስመጣ የመስኮቱ ሠራተኛ በስሜ የተመዘገበ ፓስፖርት እንደሌለ ነገረኝ። መደርደሪያው ላይ በጣቴ ባሳየው፣ እሱ መጽሐፍ መሆኑን አስረዳኝ። አንዴ ገልጦ እንዲያየው ብለምነው፣ ኤግዚቢት መግለጥ ማስረጃ ማበላሸት ነው አለኝ። አክሎም፣ «እትዬ፣ አንብበው ከጨረሱት ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ አጫወተኝ። ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ላለማሳፈር ያህል ፈገግ አልኩ።

ሦስተኛ፣ ለችግሬ ስላገኛችሁለት መፍትሔ። «መጽሐፉ» የሚሰጠኝ ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው ብላችሁ ለከሳሼ ደወላችሁለት። እሱም የእኔን ፓስፖርት ለእኔ ስለመስጠት ሊያስብበት ቃል ገብቷል። አሁን የማስታምማቸው እመቤት ለመንገዱ የሰጡኝ ፈቃድ እናንተ መስኮት ሥር ቆሜ እያለቀ ስለሆነ፣ ሐሳቡን ትንሽ ቢያፋጥነው ደስ ይለኛል።

አራተኛው ቅሬታ እናንተን አይመለከትም። ባለቤቴ አገር ቤት ሲሞት ፓስፖርቴ ትራሴ ሥር ነበር፤ የከለከለኝም አልነበረም፤ አሠሪ ላለማስቀየም ብዬ ቀረሁ። በእናቴ እንዳልደግመው ነው ይህን ያህል የማስቸግርዎ። እህቴ ስትደውል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ስሜን እንደምትጠራ ትነግረኛለች።

ጤናዎ እንደ ኤግዚቢቶችዎ ማንም ሳይነካው፣ ባለበት መደርደሪያ ላይ እንዲቆይልዎ ከልብ በመመኘት፣

የአሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ተከሳሽ

ተጨማሪ፦ ከሳሼ «ፓስፖርቱ የእኔ ነው» ብሎ ከጸና፣ ወስዶት እሱ ይሂድልኝ። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ የመጣው ማን እንደሆነ አጥብቃ አትመረምርም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ይያዝላት። ብቻ አፉን እንዳይከፍት አደራ በሉልኝ፤ ድምፄን ታውቀዋለች።